የሚጥሚጣው ልጅ በቼንግዱ

ቻይና፣ ቼንግዱ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ለሰው ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ነው፦ እኔ በሚጥሚጣ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ቻይናውያን የክፍል ጓደኞቼ «ቅመም ትችላለህ?» ሲሉኝ እስቃለሁ። እኔን?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለስድስት ሆነን ሁዎጉዎ ቤት ሄድን። ስሙ ሲተረጎም «የእሳት ድስት» ነው። ቤቱን የሰርግ ድንኳን በሉት። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ይስቃል። ጠረጴዛው መሃል ድስት ይንተከተካል፤ ጥሬውን እየነከርክ እዚያው አብስለህ ትበላለህ።

ጓደኞቼ ለእኔ አዝነው ለሁለት የተከፈለ ድስት ሊያዙ ነበር፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አልጫ። ተቆጣሁ። «አልጫ ለታመመ ሰው ነው፤ ሙሉውን ቀይ አድርጉት!» አልኩ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ሽንፍላ ነው። አዎ፣ የኛው ሽንፍላ! 15 ሰከንድ ያህል ነክረህ ብላ አሉኝ። እማዬ ይህን ብትሰማ ራሷን ትስታለች፤ እሷ እኮ ለማጠቡ ብቻ ግማሽ ቀን ይሄድባታል። ለጥንቃቄ ብዬ ድስቱ ውስጥ ተውኩት። በኋላ በቾፕስቲክ ስፈልገው ሁለቴ ቃሪያ፣ አንዴ የሰው ድንች አወጣሁ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ሥጋውን እያወጣ ይበላል፤ መረቁን የሚነካ የለም። እኛ ቤት በወጥ የራሰው እንጀራ አይደል እንዴ የሚያጣላን? በጭልፋ ቀዳሁ፣ እፍ እፍ አልኩና ግጥም አደረግኩት።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ለካ ቀዩ መረቅ አይጠጣም። የበሬ ሞራ ነው፣ ከነቅመሙ የቀለጠ። ቀድሞ የነገረኝም የለም፤ ይጠጣዋል ብሎ ማን ያስባል?

ማቃጠሉንስ ችዬው ነበር። ቀጥሎ ግን ከንፈሬ እንደ ስልክ መንዘር ጀመረ፤ ከዚያ ጠፋ። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን መርፌ አለ አይደል? እንደሱ። የሲቹዋን ሰው (ቼንግዱ ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው) ይህን ጣዕም «ማላ» ይለዋል። «ላ» የሚያቃጥለው ነው፣ «ማ» የሚያደነዝዘው። እኔ የተዘጋጀሁት ለ«ላ» ብቻ ነበር።

ውሃ ለመጠየቅ «ሹዌይ» ማለት ነበረብኝ፤ የወጣኝ «ፉፉ» ነው። አስተናጋጇ እንባዬን ስታይ ገባት፤ ሮጣ ብርጭቆ አመጣች። ተቀብዬ ጨለጥኩት። ትኩስ! ለካ እዚህ አገር ምግብ ቤት ውሃ ስትል ትኩሱን ነው የሚያመጡልህ።

በዚህ መሃል እማዬ በቪዲዮ ደወለች። እዚህ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ እዚያ ከቀኑ 9፣ ቡና ላይ ናት። ፊቴን ስታይ ጮኸች።

«ልጄን! ማን ሞተ?»

«ፉፉ» አልኩ።

ጓደኛዬ ስልኩን ወደ ድስቱ አዞረላት። እማዬ ቀዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ከቡና ጎረቤቶቿ ጋር በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ? ቃሪያውን ፍሬውን አራግፌ የማበላህ ልጅ?»

ጓደኞቼ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ምላሴን እንደምንም ሰብስቤ መለስኩ።

«ቅመም አንሶታል ትላለች።»