ሳነቴ፦ ሁሉም ፀሐይ የሚጠብቅበት አገር

ባሌ ተራሮች አናት ላይ ወዳለው የሳነቴ ሜዳ ለመውጣት ጎባ ያደርንበት ሆቴል ሙቅ ውሃ አለን ብሎ ነው ያስገባን። ውሃው አልመጣም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስንጠይቅም አልቋል ተባልን። እንዲህ ያለ ብርድ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኅዳር ውርጭ እንኳን፣ ገጥሞኝ አያውቅም። ሌሊቱን ለሽንት ስመላለስ ነጋ። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ያኔ ኩላሊት ፈሳሽ የበዛ ይመስለውና ያስወጣል። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። በራሴ ላይ ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነው። ተናድጄም ገረመኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣነው በአሰላ በኩል ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ስንዴ፣ ገብስ፣ እንደገና ስንዴ። ዲንሾ ላይ ግን ቆየን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ የመግቢያው የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚያዘውም እዚያው ነው። በጥዱና በኮሶው ሥር የደጋ አጋዘኖች ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። ሰው ስለለመዱ በደንብ ይታያሉ። መንጋጋቸው ወደ ጎን ይሄዳል፣ የታኘከው በአንገታቸው ቁልቁል ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ሽቅብ ይመጣል። የሣሩን ጠንካራ ክፍል የሚያፈርሰው አጋዘኑ ራሱ አይደለም። በጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እሱ ያኝክላቸዋል፣ ሙቅ ቤት ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ምግቡን ያዘጋጁለታል። ከዚያ ቦታ መነሣት አልፈለግሁም ነበር።

ለሳነቴ መኪና የያዝነው ከጎባ ነው፤ በ6,000 ብር ተስማምተን። ንጋት ላይ ልንነሣ ስንል ሾፌሩ "ናፍጣ ጨምሯል" ብሎ 2,000 ብር ጨመረ። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻም ከፈልን። ያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ጭቅጭቁ የንጋቱን ሰዓት በላብን። እኔ የመጣሁት ጅብራ የተባለው የውርጭ አገር ተክል ሌሊት ያጠፈውን ቅጠል ሳይከፍት ለማየት ነው። ደግነቱ፣ ተራራው ላይ ጉም ስለነበር ፀሐይዋ ዘገየች።

ከጎባ ሽቅብ ሲወጣ ጥዱ ይቀርና አስታ ይመጣል። አስታውም ያጥራል፣ ያጥራል፣ ከዚያ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ግፊት 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ስላለው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከመኪና ወርጄ ጥቂት እርምጃ ስሄድ ልቤ ይደልቅ ጀመር። አስጎብኚያችን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አይተውኝ "ቀስ በል መምህር፣ እዚህ አይሮጥም" አሉኝ። ስንቀጠቀጥም የራሳቸውን ቡልኮ አውልቀው አለበሱኝ። "እርስዎስ ጋሼ?" ብላቸው "እኔን ያውቀኛል" አሉ፤ ብርዱን ማለታቸው ነው።

ጅብራዎቹ እንደተዘጉ ደረስን። ረጃጅም ቅጠሎቻቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው መሃሉ ላይ ያለውን ቡቃያ ሸፍነውታል። ተክሉ የሚያድገው በዚያች ቡቃያ ስለሆነ እሷን ውርጭ ከመታት ነገር ሁሉ አለቀ። የውጪዎቹ ቅጠሎች አመዳይ ይዘው ነጥተዋል። ተክል ሌሊት ምግብ አይሠራም፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ቀን የሠራውን ስኳር ማታ ያቃጥላል። ቅዝቃዜው ደግሞ ይህን ማቃጠል ያዘገየዋል። ስለዚህ ያንን ያህል የረገምኩት ብርድ ጅብራውን ስንቁን እየቆጠበለት ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ውሃ ሆኖ ወረደ። ቅጠሎቹ ሲላቀቁ በዓይን አይታይም። ትንሽ ዞር ብሎ ለተመለሰ ግን ተለያይተዋል። ይህ ሰዓት ለተክሉ አስቸጋሪ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ አግኝቶ ውሃ ማትነን ሲጀምር መሬቱ ገና በረዶ ነው፤ ሥሩ እንደልብ አይስብም። ውሃ መሃል ቆሞ መጠማት ማለት ይህ ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ምድሩ ተንቀሳቀሰ። ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለ። በዓለም ላይ ባሌ ውስጥ ብቻ ያለ ዝርያ ነው። ዓይኖቹ አናቱ አካባቢ ስለሆኑ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያያል። ብዙ አይርቅም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሣር እየነቀለ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ይጠፋል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ነበረች። ፍልፈሉ አፈር ሲቆፍር ነፍሳት ታገኛለች፤ እሱም እሷ ስትደነግጥ ይገባል።

ቀይ ቀበሮም የሚወጣው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ምግቡ የሆነው ፍልፈል ቀን የሚወጣ ስለሆነ እሱም ቀን ያድናል። አንዱን አየነው። ብቻውን ነው። ሆዱን መሬት አስነክቶ እየተጠጋ፣ እየቆመ፣ እየተጠጋ ሄደና ዘለለ፤ ሳተው። ጉድጓዱን በፊት እግሮቹ ጫረ፣ ጫረ፣ ተወው። አዘንኩለት። ያ ሁሉ ልፋት ገና ካልተበላ ፍልፈል በብድር የወጣ ጉልበት ነው። ቀበሮዎች ለብቻ ቢያድኑም የሚኖሩት በመንጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የመንጋው አለቃ ሴት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ የበሉትን አስታውከው ቡችሎቿን ያበላሉ። ወቅቱ የቡችሎች ነበርና አስጎብኚያችን ወደ ዋሻው አቅጣጫ መራመድ ከለከሉን። በመላው ዓለም ያሉት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ ወደሆነው ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ያበበ ጅብራ ነበር፤ አበባው ብቻ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ብዙ ዓመት ቆጥቦ አንዴ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አጠገቡ የደረቁ ቆመዋል፤ ግንዳቸው ባዶ ሆኗል። ፎቶ ሳነሣ ሾፌሩ ክላክስ ያደርግ ነበር። 4,377 ሜትሩ ጫፍ ላይ ነፋሱ አላስቆመንም። ከዚያ ከሜዳው ወደ ደቡብ ቁልቁል ወርደን ሐረና ጫካ ገብተን ወጣን፤ ሞቃትና እርጥብ ነው፣ ቡናው ጥላ ሥር በቅሏል።

ስንመለስ ሾፌሩ ሜዳውን በፍጥነት ያዘው። ከደሎ መና ከተማ የሚመጡ የጭነት መኪኖችም እንዲሁ ይበራሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ መሃል፣ ቀበሮው የሚያቋርጠው መንገድ ላይ! ጋሼ በኦሮምኛ ተቆጡት፤ ቀነሰ። የምትሄዱ ከሆነ ዋጋውን ማታውኑ፣ ከነናፍጣው ጨርሱ። ፍጥነቱንም አብራችሁ ተነጋገሩ። ብርድ ልብስ ከቤታችሁ ያዙ።