ወደ ቅድስት አርሴማ አገር፦ አርመንን በመኪና ለመዞር እንዴት እንዳቀድን

አርመን አገር የመሄዱ ሐሳብ የታላቅ እህቴ ነው። በየዓመቱ መስከረም 29 ቀን ለንግሥ የምትወጣላት ቅድስት አርሴማ ሰማዕትነት የተቀበለችው በዚያ ምድር ነው። አርመኖች ህሪፕሲሜ ይሏታል፤ መቃብሯም ከዋና ከተማው ከየሬቫን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኤችሚያዚን፣ በስሟ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሥር ይገኛል። እኔ ደግሞ ተራራና መንገድ እወዳለሁ። የሁለታችን ፍላጎት ሲገጥም መኪና ተከራይተን አገሩን ለማየት ወሰንን፤ ዕቅዱን የማውጣቱ ሥራም በእኔ ላይ ወደቀ።

በካርታ ላይ አርመን በጣም ትንሽ ናት። ስፋቷ ወደ 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሁሉንም በጥቂት ቀናት አይቶ መመለስ የሚቻል ይመስላል። ይሁን እንጂ የአገሪቱ አማካይ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ተራራ አራጋጽም 4,090 ሜትር ይደርሳል። ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት የተራራ በሮች ጥቂት ናቸው። ወደ ጣርማ በር የወጣ ወይም አባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሹፌር ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ቀኑን የሚጨርሰው ዳገቱና ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የኪሎ ሜትር ቁጥሮችን ወደ ጎን ትቶ ሸለቆዎቹንና በሮቹን በወረቀት ላይ መጻፍ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ትልቅ በር ብቻ መደብሁ፤ ከዚያ በላይ አልፈቀድሁም።

ቀጥሎ ድንበሮቹን አጠናሁ። አርመን ከቱርክና ከአዘርባጃን ጋር ያላት ድንበር ለዓመታት ዝግ ነው፤ በመኪና መውጫው በሰሜን ወደ ጆርጂያ፣ በደቡብ ወደ ኢራን ነው። ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ጠባይም የሚወስን ነው። ወደ ደቡብ የሚወስደው ዋና መንገድ የኢራን ንግድ የሚመላለስበት በመሆኑ በከባድ የጭነት መኪና የተሞላ ነው፤ በጠባብ ዳገት ላይ ከኋላቸው መጎተት የጉዞው አካል ነው። የራስክ በምትባለው መንደር አካባቢ መንገዱ የአዘርባጃንን ድንበር ታክኮ ስለሚያልፍ በዳር በኩል የአፈር መከላከያ ተክቦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ዠርሙክ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ አካባቢ ከአዘርባጃን ጋር ውጊያ ተካሂዶ ነበር። በዚህ ምክንያት የካርታ መተግበሪያ ያወጣውን አቋራጭ ሁሉ አላመንሁም፤ በየማረፊያችን «ነገ በዚህ በኩል ልናልፍ ነው፣ መንገዱ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ከሁሉም የጠቀመን ይህ ጥያቄ ነው።

ወቅቱን የመረጠችው እህቴ ናት፤ መስከረም 29 በዚያው በመቃብሯ ላይ መገኘት ትፈልግ ነበር። አርመኖች በዓሏን የሚያከብሩት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ በእኛ ቀን እዚያ ንግሥ እንደማይኖር አስቀድመን እናውቅ ነበር። ለመንገድም ወቅቱ መልካም ነው፤ የበጋው ሙቀት በርዷል፣ ወይኑ እየተለቀመ ነው፣ ከፍተኞቹ በሮች ገና በበረዶ አልተዘጉም። የሚጎድለው ብርሃን ነው። በዚያ ሰሞን የሬቫን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው፤ በገደል ውስጥ ደግሞ ጥላው ቀድሞ ይወርዳል። በዕቅዱ ላይ በቀይ የጻፍሁት ሕግ ይህ ነበር፦ ከ11 ሰዓት በኋላ በተራራ በር ላይ አንገኝም። ከብትና በግ በመንገዱ ላይ እንደ ልብ በሚሻገርበት አገር በጨለማ መንዳት አያስፈልግም።

ከባዱ ሥራ መተው ነው። በሰሜን፣ በደበድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያሉት ሃግፓትና ሳናሂን ገዳማት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ሁለቱንም ለማየት ጓጉቼ ነበር። ነገር ግን ደቡቡንና ሰሜኑን በአንድ ጉዞ ማያያዝ ቀኑን ሁሉ መኪና ውስጥ መዋል ማለት ነው። ደቡቡን መረጥን፤ እህቴ ከያዘችው ከአርሴማና ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ታሪክ ጋር የሚቀጥለው እሱ ነውና።

መኪናውን በተመለከተ የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ለአከራዩ ልኬ እንደሚቀበለው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ አደረግሁ። ስረከብም ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና ፍሬኑን አይቼ፣ የተቧጨረውን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ። ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት በመሆናቸው ተራ የቤት መኪና በቂ ነው፤ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ መውረድ ግን የግድ ነው። በአርመን ብዙ መኪኖች በተፈጥሮ ጋዝ ይሠራሉ፤ በማደያው ጋዙ ሲሞላ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ራቅ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። እኛ በቤንዚን የሚሠራ መርጠን በየከተማው እንሞላ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሆን ብዬ ሜዳ ላይ አደረግሁት፤ እጄ መኪናውን፣ ዓይኔም የመንገዱን ምልክት እስኪለምድ ተራራ አልፈለግሁም። በማለዳ ወደ ሖር ቪራፕ ገዳም ሄድን፤ ከየሬቫን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው የአራራት ተራራ ከድንበሩ ማዶ፣ በቱርክ ምድር ሆኖ ፊት ለፊት ይታያል፤ ጭጋግ ሳይነሣ ለማየት ማለዳው ይመረጣል። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘአርማንያ የተጣለበት ጉድጓድ እዚህ ነው። በአርመኖች ትውፊት 13 ዓመት በውስጡ ቆይቷል። በጠባብ ቀዳዳ፣ ቀጥ ባለ የብረት መሰላል ስድስት ሜትር ያህል ይወረዳል። እህቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ሰጥታኝ ቀድማኝ ወረደች። ስንክሳር ሲነበብ የሰማነውን ቦታ በእግር መርገጥ፣ የግድግዳውን ድንጋይ መዳሰስ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ከሰዓት በኋላ ኤችሚያዚን ገባን። የአርሴማ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ618 የተሠራ፣ በጥቁር ግራጫ ድንጋይ የቆመ፣ ከውጭ ሲታይ ጠንካራ፣ ከውስጥ ግን ብርሃን የሞላበት ሕንፃ ነው። ከመቅደሱ ሥር ወዳለው መቃብር በደረጃ ይወረዳል። ንጉሥ ድርጣድስ በግፍ ያስገደላት ሰማዕት፣ በኋላም ንጉሡ ታሞ በጎርጎርዮስ ጸሎት ድኖ አገሪቱ ክርስትናን የተቀበለችበት ታሪክ (አርመኖች ዘመኑን 301 ያደርጉታል) ሁሉም በዚህ አካባቢ ተጠቅልሎ ይገኛል። ለዚህ ቦታ ሰዓት አልመደብሁለትም ነበር፤ እህቴ እስክትጠግብ ድረስ ቆየን። ለአንድ ጉዞ ልብ የሆነ ቦታ በሰዓት መታሰር የለበትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ተጓዝን። አሬኒ ላይ ወይን በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ በአቅራቢያው ባለው ዋሻ ውስጥ ስድስት ሺህ ዓመት ያለፈው የወይን መጥመቂያ ተገኝቷል። ከዚያው በቀይ ገደል መካከል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ወደ ኖራቫንክ ገዳም ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1339 የተፈጸመው ባለ ሁለት ፎቅ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይኛው ክፍል የሚያስወጣው ከግድግዳው በወጡ ቀጫጭን የድንጋይ ደረጃዎች ብቻ ነው፤ መደገፊያም የለውም። መውጣቱ ቀላል ነው፤ አወራረዱ ግን ልብ ያርዳል። ድንጋዩ በፀሐይ እሳት የሚመስለው ከሰዓት በኋላ ነውና ሰዓቱን ለዚያ ማመቻቸት ተገቢ ነው።

2,344 ሜትር ከፍታ ያለውን የቮሮታንን በር ተሻግረን ጎሪስ አደርን፤ ለታቴቭ ገዳም ምቹ ማረፊያ ነው። ወደ ታቴቭ የሚያደርሰው የኬብል መኪና 5.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የቮሮታንን ሸለቆ በደቂቃዎች ያሻግራል። ነፋስ ሲበረታ ግን ስለሚቆም በመኪና ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ አስቀርቼ ነበር። ነፋሱ ጸጥ ብሎ ስለነበር በኬብሉ ሄድን፤ የተረፈውን ሰዓት በዘጠነኛው መቶ ዘመን በተመሠረተው ገዳም ግቢ ውስጥ አሳለፍነው። በጎሪስ የጾም ምግብ አላስቸገረንም። ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ተሞልቶ የሚጋገረው ዥንግያሎቭ ሃጽ የሚባለው ቂጣ የእህቴ ወዳጅ ሆነ፤ በሌላ ቦታም ባቄላና ምስር በጎመን የተጠቀለለበት የጾም ቶልማ አለ። በትንንሾቹ ማረፊያዎች በአገሩ ገንዘብ፣ በድራም፣ በጥሬው መክፈል ስለሚቀል ከየሬቫን ሳንወጣ መንዝረን ነበር።

ለመመለሻ በመጣንበት መንገድ መሄድ አልፈለግሁም። ከየግሄግናዞር አጠገብ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ በሴሊም በር፣ 2,410 ሜትር ላይ አልፎ ወደ ሴቫን ሐይቅ ይወርዳል። ከበሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1332 የተሠራ የነጋድራሶች ማደሪያ ቆሟል፤ ከባድ የባዝልት ድንጋይ፣ በመካከሉ እንስሳት የሚታሰሩበት ረጅም አዳራሽ፣ በመግቢያው በአርመን ፊደልና በዓረብ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ። ሠሪዎቹ ማደሪያውን ያኖሩት ከባዱ በር አፋፍ ላይ ነው፤ ነጋዴው አመሻሽቶ ከመሻገር አድሮ በማለዳ እንዲሻገር። እኔ በወረቀት ላይ ስታገልበት የነበረውን ነገር እነሱ በድንጋይ ሠርተውት ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የታላላቅ አሮጌ መንገዶችን ማደሪያዎች አስቀድሞ በካርታ ላይ መፈለግ ከማንኛውም መተግበሪያ የተሻለ ምክር ይሰጣል።

ከበሩ ማዶ ኖራቱስ በምትባል መንደር በመቶዎች የሚቆጠሩ የተጠረቡ የመስቀል ድንጋዮች በሜዳ ላይ ተተክለው ይገኛሉ። የአዘርባጃን ግዛት በሆነው ናኺቼቫን ውስጥ የነበረው የጁጋ መካነ መቃብር ከፈረሰ በኋላ ትልቁ የቀረው ስብስብ ይህ ነው። ለዚህ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፤ እኛ የሰጠነው ከዚያ ያነሰ ነበር፣ ምክንያቱም የሐይቁ መንገድ ከመምሸቱ በፊት ወደ የሬቫን እንዲያስገባን ፈልገን ነው።

የተውነውን ሰሜን አሁን በሌላ ዕቅድ ይዤዋለሁ። የደበድ ሸለቆ ለጆርጂያ ድንበር ቅርብ ስለሆነ ከትብሊሲ ተነሥቶ ሃግፓትንና ሳናሂንን ማየት ከየሬቫን ከመነሣት ይቀላል። በኪራይ መኪና ድንበር ለመሻገር ግን አከራዩ የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሁሉም አይሰጡም፤ ስለዚህ መኪናው ከመያዙ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። እህቴ በበኩሏ የሚቀጥለው ጉዞ በሰኔ፣ አርመኖች በዓሏን በሚያከብሩበት ሰሞን እንዲሆን ትፈልጋለች።