የክፍላችን ምክር ቤት

የዜግነት ትምህርትን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር ከተውኩ ወዲህ ክፍሌ ነፍስ ዘርቷል። «ምልዓተ ጉባኤ» የሚለውን ጽፌ ሳስገለብጣቸው በማግስቱ ይረሱት ነበር። አሁን ክፍሉ እንደ ምክር ቤት ሲሰበሰብ፣ አፈ ጉባኤ የሆነው ተማሪ ራሱ ቆጥሮ «ከግማሽ በላይ አልሆንንም፣ አይጀመርም» ይላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠው ሕግም ይኸው ነው።

ዴስኮቹን በግማሽ ክብ እናደርጋለን። ማን ደጋፊ፣ ማን ተቃዋሚ እንደሚሆን በእጣ ነው። የማያምንበት ወገን የሚደርሰው ልጅ አለ፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ደግሞ ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ሐሳብ «እንዲህ ብለዋል» ብሎ መድገም አለበት። ያኛው «አዎ፣ ብያለሁ» ካላለ ንግግር የለም። ብዙ የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው። «ኧረ ቲቸር፣ እንደዛ አላልኩም!» ይላሉ። ይደግማል፣ እንደገና ይደግማል። ማዳመጥ የሚማሩትም ያኔ ነው።

ዛሬ የቀረበው ረቂቅ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የሚጥል ይቀጣ የሚል ነበር። ፌስታሉና ሃይላንዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ያላየ ልጅ ስለሌለ፣ ደጋፊዎቹ ቀላል ሥራ የደረሳቸው መስሏቸው ነበር። ከተቃዋሚዎቹ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሳች። የያዘችው ወረቀት ይንቀጠቀጣል። ከኋላ «አብሽሪ!» አሏት። ወረቀቱን አስቀመጠችው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ገንዳው ከሰፈራችን ሩቅ ነው። እናቴ ወገቧን ያማታል። ገንዳ ሳይቀርብልን ለምን እንቀጣለን?»

ደጋፊዎቹ ተያዩ። አንዱ ሐሳቧን ደግሞ «አዎ» ካስባላት በኋላ ማሻሻያ አቀረበ፦ ቅጣቱ ገንዳ ከቀረበ በኋላ ይጀምር። ድምፅ ሲሰጥ እጣው ቀርቶ ሁሉም በራሱ ልብ ነውና፣ እሷም ደግፋ እጇን አወጣች።

«ልጄ ቤት ውስጥ ክርክር አበዛች» ያሉኝ አባት ነበሩ። ጨዋነቱ እንዳይቀር መስጋታቸው ይገባኛል። ግን በላ ልበልሃ ብሎ ቆሞ በቃል መሟገት የአያቶቻችን ወግ አይደል? መጥተው እንዲያዩልን ጋብዣቸዋለሁ።

ለሚቀጥለው የተያዘው አጀንዳ በጀት ነው፦ የኳስ መረብ ይቅደም ወይስ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቆለፊያ? ያስመዘገቡት ሴቶቹ ናቸው። እጣው ገና አልወጣም።