ጥርስ ለሚያፋጩ ሰዎች ስፕሊንት መሥራትን ሳስተምር

አዲስ ሰልጣኞች ሲመጡ ሁሉም ክራውንና ብሪጅ (የጥርስ ሽፋንና የጎደለ ጥርስ የሚተካ ድልድይ) መሥራት ነው የሚፈልጉት። ስፕሊንት፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ፣ ስላቸው ፊታቸው ይጨማደዳል። «ፕላስቲክ አይደል እንዴ?» ይሉኛል።

ፕላስቲክማ ነው። ግን ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የሚያጠልቀው ይህ ጠንካራ አክሪሊክ፣ አፍ ሲዘጋ ከተቃራኒ ጥርሶች ጋር እኩል መነካካት አለበት። አንዱ ጥርስ ቀድሞ ከነካ ጫናው እሱ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አርቲኩሌተሩ፣ ማለትም የመንጋጋን እንቅስቃሴ የሚመስለው መሣሪያ፣ ላይ ረጅም ጊዜ እንቆያለን። የላይና የታች የጄሶ ሞዴሎች በታካሚው ንክሻ ልክ ካልተገጠሙ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ስርጉድ ቦታዎችን በሰም እንሞላለን፤ አለዚያ ስፕሊንቱ ሞዴሉ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ውፍረቱን የኋላ ጥርሶች ላይ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ አደርገዋለሁ። በጣም ከቀጠነ ይሰበራል።

እኔ የምወደው ባለቀለሙን ወረቀት አስነክሶ ነጥቦቹን ማየት ነው። መንጋጋው ወደ ጎን ሲሄድ ክራንቻው ብቻ ነክቶ የኋላዎቹ እንዲላቀቁ እንፈልጋለን። ሰልጣኞቼ እዚህ ይቸኩላሉ። አንዷን ነጥብ እናጠፋለን ብለው ሦስቱን ይሞርዳሉ! ቀስ በሉ እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

ማለስለሱ ላይ ብዙ አላወራም፣ ቶሎ ይለምዱታል። አክሪሊኩን ሳይበስል ማውጣት ግን አልፈቅድም፤ ወደ ፕላስቲክነት ሳይለወጥ የተረፈው ሞኖመር (የአክሪሊኩ ፈሳሽ) ድድ ያስቆጣል።