በክረምት ማስቲሽ አትቀቡ

ዲሲ-3 የተባለውን የዳግላስ አውሮፕላን ሞዴል በ1 ለ12 መጠን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንፉ 2 ሜትር ከ42 ሳንቲም ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ64። አይበርም፤ እንዲበርም አልፈለግኩም። ለማየት ነው የሠራሁት። ላዩ ግን ቀለም ተቀብቶ ብረት የመሰለ እንጨት አይደለም፤ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ የተለበጠ እውነተኛ አሉሚኒየም ነው። ሰው ሲነካው ይቀዘቅዘዋል። ይህን ስል ጉራ ከመሰለ ይምሰል፣ ለፍቼበታለሁ።

ለምን ዲሲ-3? የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው፣ በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም በሲ-47 ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ትቼ የሌላ አገር ተዋጊ ጄት አልሠራም።

አጽሙን ባጭሩ ልለፈው። አውሮፕላኑን ከጎን፣ ከላይና ከፊት የሚያሳየውን ንድፍ ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ አስተልቁ። ወረቀቱ ላይ የታወቀ ርዝመት ያለው መስመር ይኑር፤ ማሽኑ ሁለት በመቶ ቢያሳንስባችሁ ክንፉ ላይ አምስት ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ክፈፎቹን ከኮምፔርሳቶ ቁረጡ፣ ላያቸውን በቀጭን የእንጨት ዝንጣፊ ሸፍኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። በፎም ልሥራው የሚል ካለ ይቅርበት፤ ነጩን ፎም ማስቲሽ ይበላዋል። ክንፉን ደግሞ እውነተኛው በሚፈታበት ቦታ፣ ከሞተሮቹ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በቡሎን የሚፈታ አድርጉት። ዳግላሶች እዚያ ላይ የከፈሉት እኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እንዳንቸገር ይመስል ልክ ይመጣል።

ብረቱን በተመለከተ ብዙዎች የለስላሳ ጣሳ ቁረጥ ይላሉ። አልስማማም። ጣሳ ቀጭን ነው፣ እውነት ነው፣ ግን እልኸኛ ነው። ታጥፈዋለህ፣ ይመለሳል። ደግሞ ውስጡም ውጪውም ቫርኒሽ አለው። የተሻለው ያገለገለ የኦፍሴት ማተሚያ ፕሌት፣ ማለትም ማተሚያ ቤት ገጹን የሚያትምበት ስስ ቆርቆሮ ነው። ንጹሕ ሊባል የሚችል አሉሚኒየም ስለሆነ ለስላሳ ነው። ከ0.15 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይገኛል፤ ቀጭኑን ምረጡ።

ፕሌቱን ለማግኘት መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ነው። ግቢው ጥግ ላይ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ያገለገለ ንብረት የሚወገደው በጨረታ ነው» አሉኝ። አሥር ፕሌት ብቻ ነው የምፈልገው አልኳቸው። «ለአሥሩም ጨረታ ነው።» ጨረታው መቼ ነው? «ኮሚቴ ሲቋቋም።» ኮሚቴው መቼ ይቋቋማል? ወደ ስልካቸው ዞሩ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዝናብ የሚያበላሸውን ብረት የሚያስጠብቅ ደንብ አለ፣ ብር ይዞ የመጣን ሰው የሚያስተናግድ ግን የለም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ ሸጡልኝ። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው?» አለኝ። ለአውሮፕላን ነው አልኩት። «ሲበር ይጥሩኝ» ብሎ መዘነልኝ። ፕሌቶቹ የመማሪያ መጽሐፍ የታተመባቸው ነበሩ። ኦፍሴት ፕሌት ላይ ጽሑፉ ስለማይገለበጥ ቁጭ ብዬ የክፍልፋይ መልመጃ አነበብኩ። ቀለሙን በአሴቶን ጥረጉት። ኮስቲክ ሶዳ ያፈጥነዋል የሚላችሁን አትስሙ፤ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል።

አሁን ወደ ጉዱ።

ልባሱ በማስቲሽ እንዲጣበቅ ሁሉም ይመክራል። ጫማ ሰፊውም፣ ሶፋ ሠሪውም፣ የማስቲሹ ጣሳ ላይ ያለው ጽሑፍም። ሁለቱንም ገጽ ቀባ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ በጣትህ ስትነካው ካልያዘህ ግጠመው። እንደተባለው አደረግኩ። ሐምሌ ነበር። አካሉን በትልልቁ፣ ስድሳ ስድሳ ሳንቲም በሆነ ቁራጭ አለበስኩት፤ መጋጠሚያው ሲያንስ ያምራል ተብሎ ነው። ቆንጆ ሆነ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ።

መስከረም ላይ ፀሐይ በመስኮት ገባች። ከሰዓት በኋላ ሌላ ክፍል ሆኜ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆየት ብሎ ሌላ «ጧ»። ስገባ የግራው ጎን አብጧል። አንዱን እብጠት በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ፣ አንድ ጋት ራቅ ብሎ ብቅ አለ። ያንን ስጫነው የመጀመሪያው ተመለሰ። ማታ ሲበርድ ሁሉም ተኛ። በማግስቱ ፀሐይ ስትመጣ እንደገና «ጧ»።

ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም ጣሳው ላይ የጻፈ ሰው የለም። አንደኛ፣ የማስቲሹ ፈሳሽ ሲተን የቀባኸውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። የክረምት አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ለዓይን የማይታይ ስስ ጤዛ ማስቲሹ ላይ ይቀመጣል። ጣትህን አይዘውም፤ ደረቀ ትላለህ። የደረቀ ሳይሆን የረጠበ ነው፣ ስለዚህ ጓደኛውንም አይዘውም። አንዱን ቁራጭ ገንጥዬ ሳየው በከፊል ማስቲሽ ከማስቲሽ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም፤ ሁለቱም ገጽ እንደ ተቀባ ይብለጨለጫል። የያዘው ቦታ ላይ ደግሞ የእንጨቱን ጭረት ይዞ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስቱኮና ማሻሻ አታስታውሱኝ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይረዝማል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን በቁመቱ በሙቀት ብዙም ንቅንቅ አይልም። ስድሳ ሳንቲም አሉሚኒየም ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ከሩብ ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ይረዝማል። ምን አላት? እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ግን ሁለት ጫፉ ከተያዘና መሐሉ ከተላቀቀ ያቺ ሩብ ሚሊሜትር ወደ ጎን መሄጃ ስለሌላት ወደ ላይ ትወጣለች። ቢሰላ እብጠቱ ስምንት ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ቁራጩ አሥራ አምስት ሳንቲም ቢሆን ግን ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ እሱንም ጥሩ ማጣበቂያ አያስነሣውም። እውነተኛው ዲሲ-3ም እኮ ቁርጥራጭ ነው! መጋጠሚያው እንዳይታይ መጣር ራሱ አውሮፕላኑን መዋሸት ነው።

ስለዚህ ሙሉውን ገፈፍኩ። እንደገና ያለበስኩት በጥቅምት፣ በኢፖክሲ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆ በሚጠነክረው ማጣበቂያ ነው። ውድ ነው፣ ይሸታል፣ ግን የሚጠነክረው በኬሚካል እንጂ በመትነን ስላልሆነ ጤዛ አያመጣም። የፕሌቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት እስኪፈዝ ፈግፍጉት፣ ጠርጉት፣ በስሱ ቀቡ፣ ቶሎ ግጠሙ። ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቆርጣችሁ እንደ ፋሻ ጠቅልሉት፤ ለክብ አካል ከዚያ የተሻለ መያዣ የለም። ከጭራ ጀምራችሁ ወደ አፍንጫ፣ ከሆድ ጀምራችሁ ወደ ጀርባ ሂዱ። የፊተኛው የኋለኛውን፣ የላይኛው የታችኛውን እንዲደርብ ነው፤ እንደ ቤት ቆርቆሮ። ማስቲሽ ግድ ካላችሁ ከጥቅምት በፊት አትክፈቱት።

አፍንጫው በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎብጥ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። እኔን ከልባሱ ያነሰ አስለፋኝ። ፕሌቱን የልብስ ሳሙና ቀቡና በቡታጋዝ ላይ በዝግታ አሙቁት። ሳሙናው ጠቆር ሲል አንሡት። ሳሙናው ቴርሞሜትራችሁ ነው፤ ሳታዩ ካለፋችሁት አሉሚኒየም ሳይቀላ ድንገት ይፈሳል። ሲበርድ እንደ ወረቀት ይታዘዛል። ከዋንዛ የተጠረበ ቅርጽ ላይ አድርጋችሁ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እሹት። ሲጠነክርባችሁ እንደገና አሙቁ። በአንድ ቁራጭ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ሪቤቱ፣ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው የምስማር ራስ፣ ቀላል ግን አሰልቺ ነው። ልብስ ሰፊዎች ንድፍ የሚያስተላልፉባት ባለ ጥርስ ጎማ አለች፤ ከማጣበቃችሁ በፊት ከጀርባ በማስመሪያ ተደግፋችሁ አንከባልሏት። ከፊት ጉብ ጉብ ብሎ ይወጣል። በ1 ለ12 ሁለት ሚሊሜትር ርቀት ልክ ነው፣ አንድ ኢንች ማለት ነው። ጎማዋን አብዝታችሁ ከተጫናችሁ ትበሳዋለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ያየው ሁሉ ይጠይቀኛል። «ጭራው አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል። አልቋል። የዲሲ-3 መሪ፣ የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎችና የክንፉ ጫፍ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ብረት አልነበሩም፤ ጨርቅ ነበሩ። ብረት ማልበስ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ነጠላ ሞከርኩ፤ ድሩ ለዚህ መጠን ወፈረ። የኮት ገበር የሚሆነው ስስ ጨርቅ ነው የሠራው። አጥብቃችሁ ወጥሩት፣ በቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀቡት፣ ከዚያ ብርማ ቀለም። ከጎኑ ካለው አሉሚኒየም ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ይፍዘዝ፣ እውነተኛውም ላይ እንደዚያው ነው።