ቦርሳዋን የቀየርኩ ቀን

ለቀረጻ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ጎንደር ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ የምንቀርጸው አጭር አስቂኝ ፊልም ነው፤ ሌቦቹ ራሳቸው አይገቡም፣ የሠለጠነ ውሻ ይልካሉ። ዳይሬክተራችን ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣው «ዘ ዶበርማን ጋንግ» ከተባለ የአሜሪካ ፊልም ነው። እዚያ ባንክ የሚዘርፉት ዶበርማን የሚባል ዝርያ ያላቸው ስድስት ውሾች ናቸው፤ ስማቸው ሳይቀር ዲሊንጀር፣ ቦኒ፣ ክላይድ እየተባለ ከታወቁ ዘራፊዎች የተወሰደ ነው። እኛ የነበረን አንድ የሐበሻ ውሻ፣ መቻል ብቻ ነው። ከስድስቱም እሱን እመርጣለሁ።

አሠልጣኙ ጋሼ አዘዞ ባለው ግቢያቸው ሦስት ሳምንት አለማመዱት። ፉጨት ሲሰማ ሮጦ ይገባል፣ ባንኮኒ ሥር ያለችውን ቦርሳ ነክሶ ይወጣል። ባመጣት ቁጥር እዚያው በዚያው ቁራጭ ጉበት ያጎርሱታል። «ትንሽ ከዘገየሽ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም» ይሉኝ ነበር።

የቀረጻው ዕለት ጠዋት የልምምዷ ቦርሳ ዓይኔን አልሞላችውም። ጠርዟ በጥርስ ተበልቷል፣ ማንገቻዋ ላይ ምራቅ ደርቋል። ከቅዳሜ ገበያ የገዛኋትን አዲስ የቆዳ ቦርሳ ተካሁ። ለማንም አልነገርኩም።

ፉጨቱ ተሰማ። መቻል ገባ፣ ቦርሳዋን አሸተተ፣ ባዶ አፉን ወጥቶ ጋሼ ፊት ቁጭ አለ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው። በአራተኛው ጮህኩበት፤ ቦርሳዋንም አፉ ላይ ገፋሁበት። ጆሮውን አጣጥፎ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ጋሼ ቦርሳዋን ከእጄ ወስደው አሸተቷት።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ሌላ ዕቃ ናት። አንቺ መልኳን ታያለሽ፤ ለእሱ ቦርሳ ማለት ሽታዋ ነው። ግቢ የተማረውን ሱቅ ውስጥ አድርግ ስትዪው እንደ አዲስ ትምህርት ነው የሚሆንበት። ከዚህ ሁሉ እንግዳ ነገር መሐል የሚያውቃት ያቺን የልምምዷን ቦርሳ ብቻ ነበር።»

ሮጬ አሮጌዋን አመጣሁ፤ እሱ ግን አልወጣም። ጋሼ አልጠሩትም። ጀርባቸውን ሰጥተውት ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አፍንጫው ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አንድ እግሩ። ቦርሳዋን በአንድ ጊዜ ይዟት ወጣ። አዲሷን በኋላ ለብቻዋ በቅርበት ቀረጽናት።

መቻል ከእኔ እጅ ጉበት የተቀበለው በሦስተኛው ቀን ነው።