ላጲሴና ፈታኙ

ስልኬ ዛሬ እጄ ገባ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ስሄድ ቤት ትቼው ነበር፤ ፈተናው ላይ ስልክ ክልክል ነው። ስንት ሜሴጅ ነው በናታችሁ! ሁላችሁም «እንዴት ነበር?» ነው የምትሉት።

እሺ ልናገር። እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፣ ቆላ ያደግኩ። ጣርማበርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ስንገባ ሐምሌ ነው። ብርዱን አትጠይቁኝ! ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጠዋት፣ በስስ ሹራብ። እማዬ ጋቢ ያዝ ብላኝ ነበር። ዕቃ ይበዛብኛል ብዬ በሶውን ብቻ ያዝኩ።

ሒሳብ ላይ ጣቴ ደንዝዞ ላጲሴ አመለጠችኝ። ተንከባላ ከኋላዬ ያለው ልጅ እግር ስር ገባች። ዞር ብዬ ሳጎነብስ ፈታኙ ጮኸ፦ «አንተ! ሁለተኛ ብትዞር ወረቀትህን ነው የምቀማህ!» ክፍሉ ሁሉ እኔን አየ። እሱስ ባልከፋ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና የሆነ ነገር ጻፈ።

ምን ጻፈ? መለያ ቁጥሬን? ውጤቴ ይሰረዝ ይሆን? አንዱን ጥያቄ አራቴ አነበብኩት፣ አልገባ አለኝ። ጭራሽ አንድ መስመር ዘልዬ ሳጠቁር ነቃሁ። ላጲስ ደግሞ የለኝም! ፈታኙ ራሱ አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንም አላለም።

ጓደኞቼ «አቴንዳንስ እየያዘ ይሆናል እንጂ» ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን እስካሁን ማታ ማታ ያ እስክሪብቶ ይታየኛል።

ለእማዬ ስነግራት ፈታኙን ረስታ «ጋቢውን ብትይዝ ላጲሷ ትወድቅ ነበር?» አለችኝ።